ተለኪ ፋንክሽን ላይ እየተደጋገሙ ያስቸገሩኝ ስህተቶች

ተለኪ ፋንክሽን ከአንድ በላይ ብያኔ አለው። የተለመደው፦ ለማንኛውም ቁጥር ሀ፣ የፋንክሽኑ ዋጋ ፈ(ቀ) ከሀ የሚበልጥባቸው ነጥቦች ቀ ስብስብ ተለኪ (ልኬት፣ ማለትም የርዝመት ዓይነት መጠን፣ የሚሰጠው) ከሆነ ፈ ተለኪ ነው። ተማሪ ከአንዱ ብያኔ ወደ ሌላው ሲዘል ነው ነገር የሚበላሸው።

አቅጣጫውን አትሳቱ። የሚፈተሸው ወደኋላ ተመልሶ የሚገኘው ስብስብ (ዋጋቸው በተሰጠው ስብስብ ውስጥ የሚወድቅ ነጥቦች ሁሉ) ነው፤ ምስሉ (ፋንክሽኑ የሚያወጣቸው ዋጋዎች) አይደለም።

«ፈ(ቀ) > ሀ»ን በ«ፈ(ቀ) = ሀ» መተካትም አይቻልም። በ0 እና በ1 መካከል ተለኪ ያልሆነ ስብስብ መ ውሰዱ፤ እንዲህ ያለ እንዳለ የሒሳብ ሊቁ ቪታሊ በ1905 አሳይቷል። በዚሁ በ0 እና በ1 መካከል፣ ፈ(ቀ) በመ ላይ ቀ፣ ከመ ውጭ ደግሞ −ቀ ይሁን። እያንዳንዱ ዋጋ ቢበዛ አንድ ነጥብ ላይ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ የ«=» ፈተናውን ያልፋል። «ፈ(ቀ) > 0» የሚሆንበት ስብስብ ግን ራሱ መ ነው! ነጥቦችን አንድ በአንድ ሰብስቦ መ ላይ ለመድረስ የማይቆጠር ኅብረት ያስፈልጋል፤ ሲግማ አልጀብራ (የተለኪ ስብስቦች ቤተሰብ) ደግሞ የሚቆጠረውን ብቻ ነው የሚፈቅደው። በ«>» ከሆነ ግን ሀ ራሽናል ሲሆን ብቻ መፈተሽ ይበቃል። ሁሉንም ሀ እየፈተሻችሁ አትድከሙ።

|ፈ| ተለኪ ስለሆነ ፈም ተለኪ ነው ለምትሉ፣ ያው ምሳሌ መልስ ይሰጣችኋል።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ፤ የሉዚን ቴዎረም። ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ላይ ፈ ተለኪ ከሆነ፣ የፈለግነውን ያህል ትንሽ ልኬት ያለው ስብስብ አውጥተን ፈን በቀረው ላይ ብቻ ስናየው ኮንቲንየስ ይሆናል። ተማሪው ምን ብሎ ይጽፋል? «ስለዚህ ፈ ከሞላ ጎደል በሁሉም ነጥብ ኮንቲንየስ ነው።» ኧረ በፈጠራችሁ! በራሽናል ላይ 1፣ በሌላው ላይ 0 የሆነውን የዲሪክሌ ፋንክሽን እዩት። የትም ነጥብ ላይ ኮንቲንየስ አይደለም። ራሽናሎቹን አውጥታችሁ በቀሩት ላይ ብቻ ካያችሁት ግን ቋሚ 0 ነው። ቁም ነገሩ ያለው «በቀረው ላይ ብቻ» የምትለዋ ላይ ነው። ብልጥ ነኝ ባዩ ደግሞ «የሚወጣውን ልኬት 0 ላድርገዋ» ይላል። አይሆንም። ልኬቱ ከ0 የሚበልጥ ወፍራም የካንቶር ስብስብ (ምንም ክልል የማይዝ፣ በክፍተቶች የተበሳሳ ዝግ ስብስብ) ላይ 1፣ ከእሱ ውጭ 0 የሆነ ፋንክሽን ውሰዱ። ልኬቱ 0 የሆነ ምንም ስብስብ ብታወጡ ኮንቲንየስ አይሆንላችሁም። ቡርባኪዎች (በዚህ ስም በጋራ የጻፉ የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቃውንት) የሉዚንን ባሕርይ ራሱን ብያኔ አድርገውታል፤ እነሱም ቢሆኑ «በቀረው ላይ» የሚለውን አልጣሉም።

«የሲምፕል ፋንክሽኖች (ውሱን ዋጋዎች ብቻ ያሏቸው ተለኪ ፋንክሽኖች) ሊሚት» የሚለው ብያኔ ዋጋው ሪል ቁጥር ሲሆን ሰላም ነው። ዋጋው ሰፊ ባናክ ስፔስ (ርቀት የሚለካበት የቬክተሮች ስፔስ) ውስጥ ሲገባ ግን ከቦሬሉ ብያኔ (የክፍት ስብስብ ሁሉ ወደኋላ የሚገኘው ስብስብ ተለኪ ይሁን ከሚለው) ጋር ላይገጥም ይችላል። ያኔ ሁለቱ መቼ እንደሚገጥሙ ለማወቅ የፔቲስን የ1938 ቴዎረም አንብቡ።

ደግሞ መድረሻው (ዋጋዎቹ ያሉበት) ላይ የሌቤግ ስብስቦችን (ተለኪዎቹን በሙሉ) ሁሉ አትጠይቁ፤ ቦሬል (ከክፍት ስብስቦች በሚቆጠር ኅብረትና በማሟያ የሚገነቡት) ይበቃል። አለዚያ ኮንቲንየስ ፋንክሽን ራሱ ሊወድቅባችሁ ይችላል።