ለስፖርት መኪና የፊት ስፕሊተር በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ስፕሊተር ከፊት ፓራውልት ሥር ወደ ፊት ወጣ ብሎ የሚገጠም ጠፍጣፋ ገበታ ሲሆን፣ ከላዩ በሚታመቀው አየር ከፍተኛ ግፊትና ከሥሩ በፍጥነት በሚያልፈው አየር ዝቅተኛ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት የፊት ጎማዎችን ወደ መሬት ይጫናል። ለጀማሪ ከካርቦን ፋይበር ይልቅ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ፕላይውድ ይመረጣል፤ በተራ መጋዝ ይቆረጣል፣ ሲሰበርም በቀላሉ ይተካል።

መኪናውን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ካሳረፉ በኋላ፣ ካርቶን ከፓራውልቱ ሥር አስጠግተው ቅርጹን በእርሳስ ያንሱ፤ በዚያው ልክም ፕላይውዱን ይቁረጡ። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ጎማው ገበታውን እንዳይነካ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው አያያዙ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ጫና 4 እጥፍ ስለሚሆን፣ ገበታውን በፕላስቲኩ ፓራውልት ላይ ብቻ ማሰር አደገኛ ነው። ከሻንሲው ጋር በብረት ቅንፍና በቡሎን ይታሰር፤ የፊት ጠርዙም በሁለት የብረት ዘንጎች ከላይ ይያዝ። በቡሎኑ ራስ ሥር ሰፊ ሮንዴላ ካልገባ ብረቱ እንጨቱን እየበላ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በሚገባ የታሰረ ስፕሊተር ሰው ጠርዙ ላይ ቢቆምበት እንኳ አይጎብጥም።

የተቆረጠው ጠርዝ ውኃ እየመጠጠ እንዳይላቀቅ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ መሰል ፈሳሽ) ደጋግመው ይቀቡት። የፊቱ ብቻ ሲጫን የኋላው ሊቀልና ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ሙከራው ለሌላ ተሽከርካሪ ዝግ በሆነ የመወዳደሪያ ሜዳ፣ ፍጥነትን ቀስ በቀስ በመጨመር ይካሄድ፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላም ቡሎኖቹ ይፈተሹ።