ኮምፒውተር ቋንቋን እንዴት እንደሚያነብ ለማጥናት ከየት ይጀመራል?

ይህን ጥናት የሚጀምሩ ብዙዎች ዘለው የሚገቡት ትልልቆቹ ሞዴሎች ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ቋንቋን የሚማሩት ፕሮግራሞች ውስጥ ነው። እኔ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ትራንስፎርመር የተባለ አሠራር ዛሬ የምናውቃቸው ቻትቦቶች መሠረት ነው። ግን እሱን ከመንካታችሁ በፊት ጽሑፍ ለማሽን ምን እንደሚመስል በዓይናችሁ እዩ። ለዚህ ተራ ላፕቶፕና ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አጥብቡ። "ኮምፒውተርን አማርኛ ማስተማር" መጨረሻ የለውም። "የስፖርት ዜናን ከኢኮኖሚ ዜና መለየት" ግን የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከዚያ ጽሑፍ ሰብስቡና ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ አስቀምጡ። ዩኒኮድ ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል ቀድሞ መቀየር አለበት።

አሁን ማጽዳት ይመጣል። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ለኮምፒውተር ፊደል ቁጥር ነው። ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። እኛ አንድ ድምፅ ስንሰማ እሱ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ያያል። "ፀሐይ"ን ውሰዱ። በፀ ወይም በጸ ትጀምራለች። መሃል ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊገባ ይችላል። በድምሩ 12 አጻጻፍ ይሆናል። ቃላቱን ቁጠር ብትሉት 12 የተለያዩ ቃላት ቆጥሮ ቁጭ ያደርግላችኋል።

የተለመደው መፍትሔ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው። ኮዱ ጥቂት መስመር ነው። ዋናውን ቅጂ ግን በፍጹም እንዳታጠፉ። ፀሐይ "ሠረቀች" ሲባል ወጣች ማለት ነው፤ "ሰረቀች" ሌብነት ነው። አንዴ ከተዋሃዱ በኋላ ከፊደሉ ብቻ መለየት አይቻልም።

አራት ነጥብንም አትርሱ። ብዙ ሰው ። በማለት ፈንታ ሁለት ነጥብን ደርቦ ፡፡ ይጽፋል። ለዓይን ያው ነው። ዓረፍተ ነገር የሚቆርጠው ኮድ ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ሁለት ሦስቱን ዓረፍተ ነገር አንድ አድርጎ ያመጣላችኋል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ቃል ወደ ክፍሎቹ በትኑ። "ስላልመጣች" ውስጥ ስለ፣ አል፣ መጣ እና ች ታጭቀዋል። "ቤቱ" ላይ ደግሞ መቁረጫው ፊደሉ መሃል ላይ ነው። ከቱ ውስጥ ተነባቢው የቤት ነው፣ አናባቢው ግን ቅጥያ ነው። ስለዚህ ፊደሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ ሳትፈቱ በመቀስ እንደመቁረጥ ብታደርጉት አይሠራም። ይህን ከባዶ መጻፍ ልፋት ነው፤ ማይክል ጋሰር የሠራውን ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም ሞክሩ። አማርኛን፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን ይተነትናል።

ከዚያ የትኛው ቃል በየትኛው ዓይነት ዜና ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቁጠሩ። የመጀመሪያውን ቀላል ሞዴል በዚህ ቆጠራ ላይ ሥሩ።

ከጽሑፍ ይልቅ ንግግር የሚስባችሁ ከሆነ የድምፅ ቅጂውን በሰከንድ 16,000 ናሙና አድርጉት፤ ብዙ መሣሪያዎች የሚጠብቁት ይህንን ነው። እዚህ ሌላ ፈተና አለ። "አለ" ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ነው። ጆሮ ይለየዋል፣ ጽሑፍ አይለየውም። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ማጥበቅና ማላላቱን ከዓረፍተ ነገሩ እንዲገምት ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው። ለእኔ ከዚህ ሙያ በጣም የሚያጓጓው ክፍል ይሄ ነው።

በመጨረሻ ፈትኑት። የመፈተኛውን ጽሑፍ ገና ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቀምጡ። አንድ ዜና ሁለት ቦታ ታትሞ ከሆነ አንዱ ሞዴሉ የሚማርበት መለማመጃ፣ ሌላው መፈተኛ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ውጤቱ ያለ አግባብ ያብጣል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር ፕሮግራም ደግሞ የተሳሳቱ፣ የተዘለሉና የተጨመሩ ቃላትን ደምሩና በትክክለኛው ጽሑፍ የቃላት ብዛት አካፍሉ። የስህተት መጠናችሁ እሱ ነው።

ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ስህተቶቹን አንድ በአንድ አንብቡ። የአጻጻፍ፣ የቅጥያ፣ የሰው ስም እያላችሁ ለየብቻ ክምሩና ትልቁን ክምር መጀመሪያ አስተካክሉ።