ግዢን ለሠራተኛ አሳልፎ መስጠት፦ ከደብተሩ እስከ ውክልናው

ከአሥር እስከ ሃያ ሠራተኛ ባለው የቤት ዕቃ ማምረቻ የሥራ አስኪያጁን ቀን የሚበላው ብዙ ጊዜ ግዢ ነው። ኮላ አለቀ፣ ብሎን ይገዛ፣ ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ይፈረም። ብዙዎች «ግዢውን ለእገሌ ሰጥቼዋለሁ» ይላሉ። የሰጡት ግን መላላኩን ነው፤ ውሳኔው አሁንም እነሱ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሏል። ውሳኔውን ከነገደቡ ማስተላለፍ እንደሚከተለው ይሠራል።

1. ሁለት ሳምንት መዝግቡ። ሠራተኛ ሊጠይቅ ወይም ሊያስፈርም በመጣ ቁጥር ምን እንደጠየቀ፣ ስንት ብር እንደሆነና ምን ብላችሁ እንደመለሳችሁ ደብተር ላይ አስፍሩ። ሁልጊዜ «እሺ» የምትሉባቸው ጉዳዮች ተለይተው ይወጣሉ፤ መጀመሪያ የሚተላለፉት እነሱ ናቸው። ቅጥር፣ ስንብትና የባንክ ብድር እናንተው ጋ ይቆዩ።

2. የብር ጣሪያ አውጡ። ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት የግዢ ደረሰኞች ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ። ከአሥሩ ስምንቱ የማያልፉት መጠን ጥሩ ጣሪያ ነው። ለምሳሌ 15,000 ብር ሆነ እንበል፦ እስከዚያ ድረስ ሠራተኛው ራሱ ይገዛና አርብ ያሳውቃል። ከዚያ በላይ እስከ 60,000 ብር ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ አንዱን መርጦ፣ ለምን እንደመረጠው በሁለት መስመር ጽፎ ያመጣል። ከ60,000 በላይ ውሳኔው የእናንተ ነው።

ጣሪያውን 1,000 ብር ላይ ያደረገ ሰው ምንም አላስተላለፈም፤ ወረፋው እንዳለ ይቀጥላል። ሌላው ቀዳዳ ግዢን መቆራረጥ ነው፤ የ40,000 ብር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) በሦስት ደረሰኝ ተከፋፍሎ ከጣሪያው ሥር ያልፋል። ስለዚህ «ከአንድ አቅራቢ በአንድ ሳምንት የተገዛ ሁሉ እንደ አንድ ግዢ ይቆጠራል» የሚል መስመር ጨምሩ።

3. በጽሑፍ ስጡ፣ ለሌሎችም አሳውቁ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስም፣ ቀን፣ ጣሪያ፣ የሚገዛው የዕቃ ዓይነት፣ እሱ በሌለበት የሚተካው ሰው። ኮፒው ሒሳብ ክፍልም ይድረስ። አለዚያ ሠራተኛው ወስኖ ሲመጣ ገንዘብ ያዧ «ጋሼ ካልፈረሙ አልከፍልም» ትለዋለች፤ ልክም ናት፣ የነገራት የለም።

በድርጅቱ ስም ከውጭ ሰው ጋር የሚፈራረም ከሆነ ግን የቢሮ ደብዳቤ አይበቃውም፣ የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ የመፈጸም ሥልጣን ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስ ወይም ተከሶ ለመከራከር አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ማንኛውንም ሥራ ይሥራልኝ» ብሎ ማጻፍ እነዚህን አይሸፍንም።

4. እጆቹን ለዩ። የሚገዛው፣ ዕቃውን ቆጥሮ የሚረከበውና የሚከፍለው ሦስት ሰው ይሁኑ። ይህ ሠራተኛውንም ከሐሜት ይጠብቀዋል።

5. ተመልሶ የሚመጣውን ሥራ አትቀበሉ። በመጀመሪያው ወር ስልክ ይደወላል።

«ጋሼ፣ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ ገበያ ላይ ጠፋ፤ ያለው 16 ነው። ምን ላድርግ?»

«ግዛው» ወይም «ተወው» ካላችሁት ውሳኔው ወደ እናንተ ተመለሰ፤ ነገም ይደውላል። «አንተስ ምን አሰብክ?» በሉት። «ለመደርደሪያው 16ቱ ይሆናል፣ ለጠረጴዛው ግን ውሉ ላይ 18 ብለናል፤ ሌላ ሰፈር ልጠይቅ» ካለ ትክክል ነው፤ «በል እንደዚያ አድርግ» ብላችሁ ዝጉት። መልስ ከሌለው ስንፍና ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የየትኛው ዕቃ ጥራት እንደማይነካ የነገረው ሰው የለም፤ ያንን ወረቀቱ ላይ ጨምሩለት።

6. አርብ ግማሽ ሰዓት ፈትሹ። ከሳምንቱ ደረሰኞች አምስቱን ሳትመርጡ አንሡ። የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በትክክል ሰፍሯል? 15 በመቶው ቫት ለብቻው ተጽፏል? ስሙ የተሳሳተ ደረሰኝ በግብር ጊዜ ችግር ያመጣል። ዋጋውንም ለሌላ ሻጭ ደውላችሁ አመሳክሩ። ስህተት ብታገኙ ለብቻው ጠርታችሁ አስረዱት፤ በሠራተኛ ፊት የተገሠጸ ሰው ከዚያ በኋላ ሳይጠይቅ አይገዛም፣ ጣሪያውም ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። በየቀኑ መፈተሽም ያው ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ሥራው ከሄደ ጣሪያውን ከፍ አድርጉ፤ አሮጌውን ደብዳቤ ተቀብላችሁ አዲስ ቀን ያለው ስጡ። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ደግሞ ውክልናውን በጽሑፍ ሻሩ፤ ለባንኩና በዱቤ ለሚሰጡ አቅራቢዎች በዚያው ቀን አሳውቁ። ያልሰማ ነጋዴ በማግስቱም በድርጅታችሁ ስም ዕቃ ሊሰጠው ይችላል።