ሞምባሳ ላይ ጄት ስኪ ከመከራየታችሁ በፊት

ለዕረፍት ኬንያ፣ ሞምባሳ ሄዳችሁ በኒያሊ ወይም ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው በዲያኒ ባሕር ዳርቻ ጄት ስኪ (ውኃ ላይ የሚነዳ ሞተር ብስክሌት መሰል ጀልባ) ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት የሆቴሉን ሰው «ባሕሩ ዛሬ በስንት ሰዓት ይሞላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሲሸሽ ከሥር ያለው ድንጋይና እንደ ጃርት እሾሃም የሆነው የባሕር ፍጥረት ቅርብ ነው፤ እዚያ ላይ መውደቅ ለጠላትም አይመኙት።

ክፍያው ለአንድ ሰው ይሁን ለጉዞው፣ ሳትሳፈሩ ቁርጡን አስነግሩ። የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ቆልፋችሁ ከትከሻው ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሯችሁ ድረስ ከመጣ ሰፍቷልና አስለውጡ። ጄት ስኪውን ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ የሞተር ማጥፊያውን ገመድ እጃችሁ ላይ እሰሩ፤ ስትወድቁ ሞተሩን የሚያቆመው እሱ ነው።