ከቦሌ እስከ ዳለስ፦ ቤተሰብ ለምታስመጡ አዲስ ገቢዎች

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዳለስ (የዋሽንግተን ዲሲ አውሮፕላን ማረፊያ) በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ሲመጡ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይፈጃል፤ ሲመለሱ 13 ሰዓት አካባቢ ነው። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሰዓቱ የሚለያየው ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና የመንገዱን ነዳጅ በሙሉ ይዞ መነሳት ያቅተዋል፤ ስለዚህ መሃል ላይ አርፎ ይሞላል። ከዳለስ ሲነሳ ሜዳው ዝቅተኛ ነው፣ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ያግዘዋል።

ትኬት ላይ ያሉት ሰዓቶች የየአገሩ ናቸው። በጃንዋሪ 22:40 ተነስቶ በማግስቱ 08:20 የሚገባ በረራ የ10 ሰዓት መንገድ አይደለም፤ የ8 ሰዓቱ ልዩነት ሲደመር 17:40 ይሆናል። ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ልዩነቱ 7 ነው።

አሁን ሰው የሚቃጠልበት ቦታ ላይ ደረስን፤ እባካችሁ በጥሞና አንብቡት። ትኬቱ «ረቡዕ 00:30» ካለ በእኛ አቆጣጠር ማክሰኞ ሌሊት 6:30 ነው። ለፈረንጅ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል፤ ለእኛ ሲነጋ። እናት አገር ቤት ስልክ አንስተው «ረቡዕ ሌሊት 6:30» ከተባሉ ረቡዕ ማታ ሻንጣቸውን አስጭነው ቦሌ ይሄዳሉ፤ አውሮፕላኑ ግን ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የቀረ መንገደኛ ቅጣት ይከፍላል፣ ርካሽ ትኬት ከሆነ ጭራሽ ሊቃጠል ይችላል፣ የመመለሻውም በረራ አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ የበረራውን ሰዓት አትንገሩ። ቦሌ የሚደርሱበትን ንገሩ፦ «ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ይሁኑ»። ቀኑንም በሐበሻ አቆጣጠር ጨምሩበት፣ መልሰው እንዲነግሯችሁም አድርጉ። ስክሪን ሾት ልኮ ዝም ማለት ግድየለሽነት ነው።

100 ዶላር ለማትረፍ በአውሮፓ በኩል ሁለት የተለያየ ትኬት የምትቆርጡ፣ ተዉት። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው በአንድ ትኬት ከሆነ የሸንገን (በጋራ ቪዛ የሚሠሩ የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ውስጥ ያለ ትራንዚት ቪዛ ማለፍ ይችላል። ሻንጣ ተቀብሎ እንደገና ቼክ ኢን ማድረግ ካለበት ግን ወደ አገሩ መግባት ነው፤ ያ ደግሞ የሸንገን ቪዛ ይፈልጋል። ይህን ቦሌ ካውንተር ላይ ተከልክለው ሲመለሱ ነው የሚያውቁት።

ከዳለስ ወደ ሲያትል ወይም ዴንቨር የሚቀጥሉ ከሆነ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ታግ ቢደረግም ዳለስ ላይ ራሳቸው ተቀብለው፣ በጉምሩክ አሳልፈው፣ መልሰው ማስረከብ አለባቸው። ሲስተሙ የ2 ሰዓት ኮኔክሽን ይሸጥላችኋል፤ የኢሚግሬሽኑን ሰልፍ ግን አያውቀውም። ለሽማግሌ ከ4 ሰዓት በታች አትግዙ። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች ትኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም፣ የሚገፋቸው ሰው ኢሚግሬሽንንም ሻንጣንም አብሯቸው ያልፋል። የሚያርፉበትን ቤት አድራሻና ስልካችሁን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፈው ፓስፖርቱ ውስጥ እንዲያስገቡ አድርጉ፤ የኢሚግሬሽን መኮንኑ ይጠይቃል፣ የእሳቸው ስልክ ደግሞ እዚህ ላይሠራ ይችላል።