ኮራሉ በዓይን ደማቅ፣ በፎቶ ሰማያዊ፦ የሪፍ አኳሪየም መብራት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሪፍ አኳሪየም፣ ማለትም ኮራል የሚኖርበት የባህር ውሃ ገንዳ፣ ያለው ሰው ሁሉ ይህ ገጥሞታል። ፊት ለፊት ቆሞ ሲያየው ኮራሉ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ሆኖ ያበራል። ስልኩን አውጥቶ ሲያነሳው ግን ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ሰማያዊ ጭጋግ ብቻ ነው። ወይም በተቃራኒው ፎቶው አምሮ ይወጣል፣ ኮራሉ ግን ከቀን ወደ ቀን ይገረጣል።

የአብዛኛው ችግር ሥር አንድ ነው። ኮራሉ የሚኖርበት ብርሃን፣ ለእኛ ዓይን የሚጥመው ብርሃንና ካሜራ የሚፈልገው ብርሃን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን ለማስደሰት ሌላውን በዘላቂነት ስንቀይር ነው ነገሩ የሚበላሸው። እንግዲህ ከሚታየው ምልክት ተነስተን ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሄው እንሂድ።

ፎቶው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል

ምክንያቱ ካሜራው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የሪፍ ኤልኢዲ መብራቶች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያወጡት ከ420 እስከ 460 ናኖሜትር ባለው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክልል ውስጥ ነው። ይህ የሆነው በምክንያት ነው። ባህር ውስጥ ቀዩ ብርሃን ቀድሞ ይጠፋል፣ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይገባል። ኮራል ውስጥ የሚኖሩት ዞዛንቴሌ የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎችም ይህን ሰማያዊ ብርሃን ምግብ ለመሥራት በደንብ ይጠቀሙበታል።

የእኛ ዓይን ሰማያዊውን ብዙም ሳይቆይ ይለምደዋል። ካሜራ ግን እንደዚያ አይለምድም። ሰማያዊውን የሚቀበለው የሴንሰሩ ክፍል ሞልቶ ይፈስሳል፣ ቀዩና አረንጓዴው ባዶ ቀርተው ይቀራሉ። ሞልቶ የፈሰሰ ቀለም ደግሞ በኋላ በኤዲቲንግ አይመለስም፤ ዝርዝሩ የለማ። በዚያ ላይ የብዙ ስልኮች ዋይት ባላንስ (ነጩን ነጭ አድርጎ የሚያሳየው ማስተካከያ) 10,000 ኬልቪን አካባቢ ያበቃል። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የእናንተ መብራት 20,000 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስልኩ የቻለውን ያህል ሞክሮ ይተወዋል።

መጀመሪያ መሞከር ያለበት ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ፊልተር ነው። ሌንሱ ፊት ሲደረግ ትርፉን ሰማያዊ ያስቀራል፣ ከኮራሉ የሚወጣውን አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ቀይ ግን ያሳልፋል። መብራቱ ሰማያዊ ብቻ ከሆነ ብርቱካናማውን ምረጡ። ነጭ የተቀላቀለበት ከሆነ ቢጫው ይበቃል። ለስልክ የሚሆኑ በመቆንጠጫ የሚያዙ ፊልተሮች አሉ፣ ብዙዎቹም ከማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገር በቅርበት ከሚያነሳ ሌንስ) ጋር አብረው ይመጣሉ። ስልካችሁ ሁለትና ሦስት ሌንስ ካለው ፊልተሩ በትክክለኛው ላይ መቀመጡን አረጋግጡ። ስልኩ ወደ ኮራሉ ስትጠጉ በራሱ ሌንስ ይቀይርና ፊልተሩን ያልፈዋል።

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ትንሽ ነገር ላይ ነው። አንድ ዞአንተስ (ትናንሽ አበባ የሚመስል የኮራል ዘመድ) በሰማያዊ ብርሃን ያለ ፊልተር ሲነሳ ክብ የሚያበራ ነጥብ ብቻ ይመስላል። በፊልተር ሲነሳ ግን የመሃል አፉ፣ በዙሪያው ያለው ቀለበትና የጠርዙ ቀጫጭን ክሮች ለየብቻቸው ይወጣሉ። ክሮቹ ጫፍ ላይ ሌላ ቀለም እንዳለም የምታዩት ያኔ ነው።

ፊልተር ከሌለ ሁለተኛው መንገድ የመብራቱን ነጭ ቻናል (ለብቻው የሚስተካከለውን የነጭ ብርሃን ክፍል) ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ማድረግ ነው። ብርሃኑ ከ10,000 እስከ 14,000 ኬልቪን አካባቢ ሲደርስ ካሜራው ሥራውን መሥራት ይችላል። ነጭ የፕላስቲክ ቁራጭ ኮራሉ ባለበት ጥልቀት አስገብታችሁ ዋይት ባላንሱን በእሱ ላይ ማስተካከልም ይቻላል። ይህ ግን ብርሃኑ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ቀይ ሲኖር ነው የሚሠራው። ሰማያዊ ብቻ በሚበራበት ሰዓት ካሜራው የሚያስተካክለው ሌላ ቀለም አያገኝም።

ሦስተኛው በራው ፋይል (ስልኩ ባላቀናበረው ጥሬ ምስል) ማንሳትና ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ዝቅ ማድረግ ነው። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ጨለም ብሎ ይታያችሁ። የጨለመ ፎቶ በኋላ ይስተካከላል፣ የተቃጠለ ሰማያዊ ግን አይስተካከልም። ስልኩ ላይ ኮራሉን ነክታችሁ ያዙት፣ ፎከሱ ይቆለፋል፣ ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች ጎትቱ።

በሰማያዊ ያበራል፣ ነጭ ሲበራ ቡናማ ይሆናል

ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ በተለይ አዲስ ኮራል በሰማያዊ መብራት ስር አይቶ የገዛውን። ኮራሉ ታሞ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት የምናየው ቀለም ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

አንዱ ዓይነት ቀለም ፍሎረሰንስ ነው። ፕሮቲኑ ሰማያዊ ብርሃን ይቀበልና አረንጓዴ ወይም ቀይ አድርጎ ይመልሳል። የዚህ ፕሮቲን የመጀመሪያው አረንጓዴ ዓይነት በ1962 በኦሳሙ ሺሞሙራ ከጄሊፊሽ ተለይቶ ወጣ፣ በ2008ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኘ። የዚሁ ቤተሰብ ፕሮቲኖች ከኮራል ወገን ባሉ እንስሳት ውስጥ መኖራቸው በ1999 ታወቀ። ሌላው ዓይነት ቀለም ብርሃን አያመነጭም። እንደ ማንኛውም ቀለም የተወሰነውን ብርሃን ይውጣል፣ የቀረውን ይመልሳል። ብዙ ወይን ጠጅና ሰማያዊ አክሮፖራዎች (ቅርንጫፍ ያላቸው ጠንካራ ኮራሎች) የሚያምሩት በዚህኛው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአልጌዎቹ የራሳቸው ቡናማ ቀለም ነው።

እንግዲህ ሰማያዊ መብራት ፍሎረሰንሱን ያነሳል፣ ሌላውን ይሸፍናል። ነጭ መብራት ቡናማውን ያወጣል፣ ፍሎረሰንሱን ያደበዝዛል። ወይን ጠጅ አክሮፖራ በሰማያዊ ብቻ ሲታይ የጠቆረ እንጨት ይመስላል፣ ነጭ ሲጨመርበት ግን ቀለሙ ይወጣል። ስለዚህ የትኛው ኮራል በየትኛው ብርሃን እንደሚያምር እየሞከራችሁ እወቁት። አንድ መብራት ለሁሉም አይሆንም።

በእርግጥ የሚያሳስበው ቀድሞ በነጭ ብርሃንም ቀለም የነበረው ኮራል ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ሲሄድ ነው። ያኔ አልጌዎቹ በዝተዋል ማለት ነው። የተለመደው ምክንያት ብርሃኑ ማነሱ ወይም ናይትሬትና ፎስፌት መብዛታቸው ነው። ውሃውን ለኩ፣ የምትሰጡትን ምግብ ቀንሱ፣ ከዚያ ነው መብራቱን የምትነኩት። ሁለቱን በአንድ ቀን መቀየር ግን አልመክርም፤ የቱ እንደሠራ አታውቁትም።

አኳሪየሙ ደብዛዛ መሰለኝ፣ መብራቱን ከፍ አደረግሁ፣ ኮራሉ ነጣ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፣ ምክንያቱም የሚጎዳው ፎቶው ሳይሆን ኮራሉ ነው።

የሰው ዓይን ከሁሉ በላይ የሚነቃቃው ለ555 ናኖሜትር፣ ማለትም ቢጫ ላዘነበለ አረንጓዴ ነው። በ450 ናኖሜትር ላይ ያለ ሰማያዊ በጣም ብዙ ጉልበት ይዞም ለእኛ ደብዛዛ ይመስላል። ለኮራሉ ግን ደብዛዛ አይደለም። ሰውየው "አይበራም" ብሎ ሰማያዊውን ከፍ ያደርገዋል፣ ኮራሉ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይቀበልና አልጌዎቹን ያስወጣል። መንጣት ማለት ይህ ነው። በስልክ የሉክስ መተግበሪያ መለካትም አይረዳም። ሉክስ የሚለካው በሰው ዓይን ሚዛን ስለሆነ ሰማያዊውን ያሳንሰዋል።

የሚያስፈልገው የፓር መለኪያ ነው፣ ማለትም አልጌዎቹ ምግብ ለመሥራት የሚጠቀሙበትን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ፤ በውሰት ወይም በኪራይ ቢገኝም ይበቃል። በልምድ ሥጋ ለበስ ለስላሳ ኮራሎችና እንጉዳይ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሰከንድ ይበቃቸዋል። ትላልቅ ፖሊፕ (አፍና ክሮች ያሉት የኮራሉ ለስላሳ አካል) ያላቸው እንደ ዩፊሊያ ያሉት ከ75 እስከ 150 አካባቢ ይመቻቸዋል። አክሮፖራና መሰሎቹ ከ200 እስከ 350 ይፈልጋሉ። ኮራሉ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ለኩ፣ ውሃው ወለል ላይ አይደለም።

አኳሪየሙን በዓይን ደመቅ ለማድረግ ከፈለጋችሁ ሰማያዊውን ተዉትና ነጩን ትንሽ ጨምሩ። ጥቂት ነጭ ለዓይን ብዙ ነው። ለኮራሉ የሚደርሰውን ብርሃን መጨመር ካስፈለገ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ፣ በትንሽ በትንሹ ይሁን። ብዙ መብራቶች ይህን በራሳቸው የሚያደርጉበት ማስተካከያ አላቸው። ኮራሉ ቀድሞ ነጥቶ ከሆነ ኃይሉን ቀንሱ ወይም ወደ ጥላ ወዳለበት ቦታ አውርዱት። ከዚያ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። ቦታውን በየሁለት ቀኑ መቀያየር የባሰ ያደክመዋል።

ፎቶውና ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ

ዓይናችን የማያየው ነገር ነው ይህ። ብዙ ኤልኢዲዎች ሲቀነሱ በጣም በፍጥነት እየበሩና እየጠፉ ነው ደብዘዝ የሚሉት። የስልክ ሴንሰር ደግሞ ምስሉን መስመር በመስመር ያነብባል። መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት የተነበበው መስመር ጨልሞ ይወጣል።

የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ቅጽበት) ዝቅ አድርጉት፣ 1/60 ወይም 1/50 ሰከንድ ሞክሩ። ካልጠፋ ቻናሎቹን ለማንሻው ደቂቃ ብቻ 100 ፐርሰንት አድርሷቸው፤ ያኔ ብዙዎቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለቱን ያቆማሉ። በፍሎረሰንት ቱቦ ለሚበራ አኳሪየም ሹተሩን ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር አስማሙት፦ 50 ሄርዝ ከሆነ 1/50 ወይም 1/100፣ 60 ሄርዝ ከሆነ 1/60 ወይም 1/120።

ፎቶው ይደበዝዛል

መጀመሪያ የሞገድ ፓምፖቹን አጥፉ። ፖሊፕ የሚወዛወዝ ከሆነ የትኛውም ካሜራ አያድነውም። ፓምፑ የመመገቢያ ማቆሚያ ካለው እሱ በቂ ነው። ፓምፖቹ ከቆሙ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ቅንጣትና ጥቃቅን አረፋ ይረጋል። ስትጨርሱ ፓምፖቹን መልሶ ማብራት እንዳይረሳ።

አሁንም ከደበዘዘ አቋማችሁን ተመልከቱ። ብርሃን ከውሃ ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይሰበራል። በጎን ካነሳችሁ ኮራሉ ይለጠጣል፣ ጠርዙም ላይ የቀለም ጥላ ይወጣል። ካሜራው ለመስታወቱ ቀጥ ይበል። ዝቅ ያለ ኮራል ለማንሳት ካሜራውን አታዘንብሉ፣ ራሳችሁ ዝቅ በሉ።

ፎቶው ላይ የራሴ ፊትና ክፍሉ ይታያል

የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ፣ ጥቁር ልብስ ልበሱ። ሌንሱን ወደ መስታወቱ አስጠጉ፤ ለስላሳ የጎማ መከላከያ ካለ በደንብ ያግዛል። ፍላሽ በፍጹም አይብራ። ከመስታወቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ፍሎረሰንሱንም ያጥበዋል። መስታወቱን ደግሞ ከውስጥም ከውጭም ጥረጉ። ለዓይን የማይታይ ስስ አልጌ ማክሮ ሌንስ ላይ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል።

ውሃው ራሱ ቢጫ ያለ ከሆነ አክቲቬትድ ካርቦን (ቀለምና ቆሻሻ የሚይዝ የማጣሪያ ከሰል) ያጠራዋል። በትንሹ ጀምሩ ግን። ውሃው ሲጠራ ኮራሉ የሚደርሰው ብርሃንም ይጨምራል፣ ድንገት ከሆነ ደግሞ ወደ መንጣት ሊወስደው ይችላል።

ከላይ ማንሳት ፈልጌ ውሃው አስቸገረኝ

ብዙ ኮራል በጣም የሚያምረው ከላይ ሲታይ ነው፤ ባህር ውስጥ ብርሃን የሚመጣበት አቅጣጫም ያ ነውና። ፓምፖቹ ሲቆሙ የውሃው ፊት ይረጋል፣ ያኔ ቀጥ ብላችሁ አንሱ። እንዲያም ሆኖ የሚርገበገብ ከሆነ ታቹ ጥርት ያለ አክሪሊክ የሆነ የማያ ሳጥን ውሃው ላይ አስቀምጡና በእሱ ውስጥ አንሱ። መብራቱ ራሱ መንገድ ላይ ከሆነ ወደ ኋላ ገፋ አድርጉት። የበራ ኤልኢዲን ግን ቀና ብላችሁ በቅርበት አትመልከቱ፤ ደብዛዛ የሚመስለው ሰማያዊ ለዓይን ቀላል አይደለም።

ፎቶው ከእውነታው በላይ ደመቀ

ፊልተሩና ኤዲቲንጉ ተደምረው አንዳንዴ ኮራሉ ኖሮት የማያውቀውን ቀለም ይሰጡታል። አሸዋውንና ኮራሉ የተጣበቀበትን ድንጋይ እዩ። አሸዋው ብርቱካናማ ከሆነ ፊልተሩ በዝቷል። ድንጋዩ ሮዝ ከመሰለ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ወደ ኋላ መልሱ። ኮራሉን ለሽያጭ ወይም ለልውውጥ የምታቀርቡ ከሆነ በየትኛው መብራት እንደተነሳ ጻፉ፣ ከተቻለም በነጭ ብርሃን የተነሳ ሁለተኛ ፎቶ ጨምሩ። ገዢው ቤቱ ወስዶ የሚያየው በራሱ መብራት ነው።

መቼ ማየት፣ መቼ ማንሳት

እኔ የምመርጠው አቀማመጥ ይህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ነጭ የተቀላቀለበት ብርሃን፣ ዓሦቹም ኮራሎቹም በተፈጥሮ ቀለማቸው እንዲታዩ። ማታ ሰው ቤት ሲገባ ደግሞ ሰማያዊ ብቻ፣ ፍሎረሰንሱ እንዲታይ። ዋናው ብርሃን በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃል። ማታ ቆይቶ ማየት የሚፈልግ የመጀመሪያውን ሰዓት ያዘግይ እንጂ ቀኑን አያስረዝመው።

ለፎቶ ደግሞ በመብራቱ መተግበሪያ ላይ ለብቻው አንድ ማስተካከያ አስቀምጡ። ነጩ ከፍ ያለ፣ ሰማያዊው መካከለኛ ይሁን፣ ከዋናው ፕሮግራም ጋርም አይነካካ። አንስታችሁ ስትጨርሱ ወደ ዋናው ፕሮግራም መመለሱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አንዳንድ መብራት በእጅ ከተቀየረ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ሌሊቱንም ሙሉ ሲበራ ያድራል።