ዘውግ ስትቀይሩ ሰውየውን እንዳትጥሉት

የፍቅር ልቦለድ ሲጽፍ የኖረ ደራሲ ወደ ወንጀል ወይም ወደ ታሪክ ልቦለድ ሲሻገር፣ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ሴራው ላይ ሳይሆን ገጸ ባሕርዩ ላይ ነው። ረቂቆች ሳነብ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ስህተቶች ላንሣ።

የመጀመሪያው ሬሳውን አስቀድሞ መርማሪውን በኋላ መፈለግ ነው። ግድያውና ማሳደዱ ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ የገባ ሰው፣ ሴራው ካዘዘው በቀር የራሱ የሆነ ነገር አይሠራም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመው «ኦሮማይ» ውስጥ ጦርነትም፣ ስለላም፣ ፍቅርም አለ። ሁሉንም የምናየው ግን በጋዜጠኛው በፀጋዬ ዓይን ነው። እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ላይ ሌላ ሴት የወደደ ሰው በመሆኑ፣ ዘመቻው የራሱም ጣጣ ይሆንበታል።

ሁለተኛው፣ ሁሉም ሰው በደራሲው አንደበት መናገሩ ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ አማርኛ ትልቅ መሣሪያ ሰጥቶን ሳለ እንዲሁ ይባክናልና። ባሏን ሃያ ዓመት «አንቱ» ስትል የኖረች ሴት አንድ ማታ «ተቀመጥ!» ካለችው፣ «በጣም ተናደደች» ብሎ መጨመር ለምን ያስፈልጋል? ትዳሩ በዚያች አንዲት ቃል ተናግቷል። በወንጀል ልቦለድ ደግሞ ይኸው ነገር ፍንጭ ይሆናል። «ሽማግሌውን አላውቃቸውም» ያለ ተጠርጣሪ፣ ጥቂት ቆይቶ ሳያስበው «እሱማ እዚያ ቤት አይገባም ነበር» ቢል፣ ንቁ አንባቢ «እሳቸው» ወደ «እሱ» የዞረችበትን ቦታ ይይዛታል። ረቂቁን ስታርሙ የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍናችሁ ንግግሩን ብቻ አንብቡ። ማን ምን እንዳለ መለየት ካቃታችሁ እንደገና ጻፉት።

የታሪክ ልቦለድ ላይ የሚበዛው የዛሬን ሰው የጥንት ኩታ ማልበስ ነው። በክፉ ቀን ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ የከብት በሽታ የእርሻውን በሬ ፈጅቶ ነበር። በሬዎቹ ያለቁበት ገበሬ ስለ «አገራዊ ቀውስ» አይፈላሰፍም። የቀረችውን እፍኝ ዘር ለልጆቹ ያብላ ወይስ ለመጪው ክረምት ይደብቅ? ምዕራፉን የሚሸከመው ይህ ጥያቄ ነው።

«ተወልዶ ያደገው…» ብሎ መጀመርንም ተዉት። እንዲህ ያለው የሕይወት ታሪክ ቀብር ላይ ይነበባል፤ የልቦለድ ሰው ግን ገና በሕይወት አለ።

የመጨረሻው፣ ዘውጉ ስለጠየቀ ብቻ ሰውየውን መጨረሻ ላይ ማጣመም ነው። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሲፈራ የኖረ ሰው፣ ነፍሰ ገዳዩ መያዝ ስላለበት ብቻ በድንገት ይደፍራል። እንዲህ ሲገጥማችሁ የመጨረሻውን ምዕራፍ አትነካኩ። ወደ ኋላ ተመለሱና፣ ገና መግቢያው አካባቢ፣ ሰውየው እጁ እየተንቀጠቀጠ አንድ ትንሽ እውነት የሚናገርበት ትዕይንት ፈልጉለት።